አመልካች

ከሽምብጥ በታች፣ ታንኳ ከሚታሰርበት፣
ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ነፋስ ሳይነሣበት፣
የቋጠርኩትን ገመድ ቀስ ብዬ እለቃለሁ፤
ነጭና ጥቁር ሳህን ወደ ጣና እሰዳለሁ።

ሳህኑ ሲወርድ ይገረጣል፣
አረንጓዴ ይለብሳል፣ ኋላም ይሰጥማል፤
ነጩ ከዓይኔ የጠፋበትን
እመዘግባለሁ፣ የብርሃንን ድንበሩን።
አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር።
አምና በዚህ ወር ስልሳ ሦስት ነበር።

ይማም መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይስቃል፤
«ሳህን ሲያጥቡ እንጂ ሲያጠምቁ ማን ያውቃል!»
ደንገል አሳሪ ነው፣ ካባት ከአያት ጀምሮ፤
ደጁ ላይ ያጭደው የነበረውን ዘንድሮ
በሞተር ጀልባ ተሻግሮ ከማዶ ይገዛል።
«ታንኳ ለመሥራት በጀልባ! እንዲህም ይኖራል።»

ሐሙስ አዳራሽ ገባን። ከአዲስ አበባ የመጡት
ሠላሳ አራት አመልካች ግድግዳው ላይ አበሩት።
«ለአገር አቀፍ ሪፖርት ይህ ሁሉ ይበዛል፤
አሥራ ሁለት ይበቃል፤ ሲያጥር ይነበባል።»
ጉማሬው ሻይ ሳይቀርብ ገና ተሰረዘ፤
የደንገሉ ዳርቻ በቀጠሮ ተያዘ፤
የርብና የጉማራ ደለል አንድ መስመር ሆኑ፤
ነጭ አሳ ተረፈ፣ ስለሚታወቅ ሚዛኑ።
እምቦጭ ሰፊ ቦታ አገኘ፣ በሄክታር፣ በሳተላይት፤
አበባው ሐምራዊ ነው፣ ግድግዳ ላይ ያምራል ለማየት።
እጄን አውጥቻለሁ እኔም፤ አልክድም።
ስለ አንድ ጉማሬ ብሎ ማን ስብሰባ ያስረዝም?

ማታ በባሕሩ ዳር ሳልፍ ዝም ብሏል ውኃው፤
የዝምታ መለኪያ አሃዱ ምንድነው?

በነጋታው ከጎኔ ይርገዱ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፣
ሃያ ዓመት በችሎት መዝገብ የለመደ እጅዋ፣
ወረቀቱን በእስክሪብቶ መታ መታ አድርጋ፣
«እኛ ዘንድ» አለችኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ፣
«አመልካች ቁጥር አይደለም፤ በደል ያገኘው አቤት ባይ ነው።
አራተኛውን ዓምድ እዪው፤ ተጠሪው የት ነው?»

ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ እንቅልፍ ነሥቶኛል።
አመልካች፦ ገልዳ ወንዝ። አፉን ደለል ሞልቶታል።
አመልካች፦ ቆረሶ። ልጆቿን የምትደብቅበት ዳር ታርሷል።
አመልካች፦ የውኃው ጥራት። አርባ አንድ ብሎ አመልክቷል።
ተጠሪ፦
ለሦስት መሥሪያ ቤት ጻፍን። አንዱ ለአንዱ መራው፤
ሦስተኛው በማኅተም መልሶ ለእኛው ላከው።

በቀኝ ጠርዝ፣ ጣት የምታህል ጠባብ ዓምድ አለች፣
«ምርመራ» ተብላ ባዶዋን የኖረች።
በደቃቅ ጽሕፈት የይማምን ቃል አሰፈርኩ፦
«አምባዛ ስበልት ናፍጣ ናፍጣ አሸተትኩ፤
ጉማሬ ሲያጓራ ከጥቅምት ወዲህ አልሰማሁ።»
በሳምንቱ መልስ መጣ፤ «ምንጩ ይገለጽ» ይላል።
ምንጩማ ሰከላ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ደፍርሷል።
ብዬ አልጻፍኩም። «የአካባቢ ነዋሪ» ብዬ አለፍኩ።

ዛሬ ማለዳ ይማም «እስቲ ገመዱን» አለኝ።
ሰጠሁት። ሳህኑ ወረደ። ከዓይኔ ጠፋብኝ።
«ሠላሳ ስምንት» ብዬ መዝገቤን ገለጥኩ።
እሱ ውኃውን አያይም፤ ፊቱን ወደ ዘጌ አዙሮ፣
ገመዱን በሁለት ጣቱ እንደ ደም ሥር ይዞ፣
ቆየ።
«አለ» አለኝ።
«አልጠፋም።
ይከብዳል።»