የጂቫንላል ቀይ መዝገብ

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ኋላ፣ ቁልቁል ሲወረድ፣
አባቴ ጨርቅ ለካ፣ ሃያ ዓመት በክንድ።
ባለሱቁ ጂቫንላል፣ የባሩች ከተማ ሰው፣
ሂሳብ ሲሳሳትበት የሪዙን ጫፍ የሚያኝከው፣
አማርኛው ሁሉ የገበያ ነበር፦
«ውሰድ»፣ «አያዋጣም»፣ «ቅናሽ የለም»፣ «ጨምር»።

አንድ ነሐሴ ግን፣ ዶፉ ካባራ ኋላ፣
ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወንዙ ደፍርሶ ሲሞላ፣
እጁን ግራ ቀኝ ዘርግቶ «የእኛ ወንዝ ይሄን ያህል» አለ፤
አልበቃውም፤ የአባቴን ክንድ ይዞ ቀጠለ።
ሁለቱም ቢዘረጉ ናርማዳን አላከሉም፤
ሳቁና ተመለሱ፤ ዳግም ስለ ወንዝ አልተባባሉም።

ቀይ መዝገብ ነበረው፣ በነጭ ክር የተሰፋ፤
ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣
አቀርቅሮ ይጽፍበታል በዚያ ጥምዝ ፊደሉ፤
አባቴም በሆዱ፦ «የእኔ ዱቤ ነው ሁሉ፤
የልጄን የክርስትና ሻሽ፣ የእናቴን መግነዝ አቡጀዴ፣
አንድ ሳያስቀር ጽፎብኛል፤ ከየት ይምጣ ዘዴ?»

ሱቁ በአዋጅ ሲወረስ ጂቫንላል ገባ አገሩ፤
መዝገቡ እኛ ዘንድ ቀረ፣ ከነአቧራው ከነክሩ።
አባቴ ዕዳውን ይዞ ነው አፈር የለበሰ፤
እኔም አልገለጥኩትም፣ ሰፈሩ እስከፈረሰ።

ዕቃ ስንጭን አገኘሁት። ወሰድኩት አራት ኪሎ፣
ሂሳብ ለምታስተምር የጉጅራት ሴት፣ ሆዴ ባር ባር ብሎ።
መምህርት ሄማንጊኒ ገለጠች፤ ዝም አለች፤
ደግማ ገለጠች፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦

«ከጀልባ መውረጃው ደረጃ፣ በግራ፣ ኦቾሎኒ ቆይ፤
ቀጥሎ የብርድ ልብስ ሸማኔ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያይ፤
ከእሱ ጎን ጨው ነጋዴው፣ ሙላት ሦስቴ የወሰደበት፤
ከዚያ ደወሉ፤ ከዚያ የሮቃው ዛፍ፤ ከዚያ እናቴ ያለችበት።»

«ሌላስ?» አልኳት።
«ሌላ የለም። ዕዳ የሚባል አልጻፈም፤
ያው አንድ መንገድ ነው በየገጹ፤ አንድ ቤት እንኳ አልዘለለም።»

የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች ባዶ ናቸው።
ማታ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ ፊታቸው፦
«ከአደባባዩ ሲወረድ፣ በቀኝ፣ ሰዓት አዳሹ ጓንጉል፤
ቀጥሎ ኬክ ቤቱ፣ ክረምት በሩ አብጦ አልዘጋ የሚል፤
ቀጥሎ…»
ቀጥሎስ? ለእህቴ ደወልኩላት።
«ጫማ ቤት ነው» አለች። «ፎቶ ቤት ነው» አልኳት።
ተከራከርን፤ ካርዴ አለቀ።
መስመሩን ክፍት ተውኩት።