የሰሌዳው ክረምት

ስብሰባ ከቀረ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ፣
የሰፈሩ ወሬ ያልፋል በእኔ ጠመኔ ዞሮ።
ጠዋት ከእድሩ ቤት፣ ከቆርቆሮው በር ላይ
ጽፌ የሄድኩትን
ከሰዓት መጥቶ ይልሰዋል ሰማይ፤
በማግስቱ ጃንጥላ ይዤ
እንደ አዲስ እጽፋለሁ፣ ጠመኔው በእጄ ርሶ፣
እኔ እማዋይሽ፣ ጸሐፊዋ፣
መነጽሬ በገዛ ትንፋሼ ጉም ለብሶ።

ማስታወቂያ።
የሐምሌ መዋጮ በሀጂ ኑረዲን ሱቅ፣ በመስኮቱ ይከፈል።
እባካችሁ ብር በሳሙና አይዘፍዘፍ፤
የእትዬ ዘነበች መቶ ብር ባለፈው ተነክሮ፣ ላልቶ፣
ገመድ ላይ ዋለ፣ ከካልሲ ጋር ተሰጥቶ።

ማስታወቂያ።
የክረምቱ ዋንጫ፣ ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ዘንድሮ ተሰርዟል።
አሰልጣኝ ሙዘይን ፊሽካውን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።
ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ፣ በዕድሜው ሣር አይቶ የማያውቀው፣
ጉልበት ድረስ ለምልሟል፤
ጎሉ መሐል ቆሞ የአረፋ በግ ይግጣል፣
እስኪታረድ ድረስ በረኝነት ይዟል።

ማስታወቂያ። የእትዬ አስካለ ልጅ፣ ፍሬሕይወት፣
እሁድ ታገባለች። ድንኳን አይወጣም። እልልታ በየመስኮት።
ሆነም እንዳልኩት፤
ያ ሁሉ ሴት በጨርቅ ጭምብል ውስጥ እልል ሲል
ትራስ ሥር እንደሚጮህ ስልክ፣
ሙሽራዪቱ ቦርሳዋን ፈተሸች፣ የእሷ መስሏት።

ሰሌዳው የማይችለውን ደግሞ እዚህ ልጻፍ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በጨረቃ፣
በጋሽ ሸዋንግዛው ጥሩምባ ነበር
ሰፈሩ ለሞት የሚነቃ።
ጭምብል መጣ። ጥሩምባ በምን ይነፋ?
ቢያወልቀው ደንብ ፈረሰ፣ ባያወልቀው ድምፁ ጠፋ።
ኮሚቴው በስልክ መከረ፤ ሊቀመንበሩ ቆረጡ፦
«መርዶ በቴክስት ይላክ።»
ከዚያ ወዲህ ሞት ኪሳችን ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣
ከሎተሪ መልእክት ኋላ ተሰልፎ ይመጣል።

እትዬ የሺመቤት ያረፈች ለታ፣
ግማሹን ሰፈር ያዋለደች፣
ቀባሪ ይቀነስ ተባለ። ስድስት ሰው፣ አንድ ሚኒባስ።
መቶ ሃያው ወንበር፣ ድንኳኑ፣ በርሜል የሚያህለው ድስት
መጋዘን ውስጥ ተደራርበው፣
እነሱም እንደ እኛ ቤት እንዲቀመጡ ታዝዘው።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጥሩምባውን ከጋቢው ሥር ይዞ
ደጄ መጥቶ ቆመ፣ ዶፍ ውስጥ ፈዝዞ።
«አልነፋም፣ እማዋይሽ። ይዤው ብቻ ልዙር።»
ዞረ።
በየበሩ ቆሞ
እስከ ጭምብሉ ድረስ ያነሳዋል፣
ትንሽ ይቆያል፣
ያወርደዋል።
መስኮት ተከፈተ። ቀጥሎ ያለው ተከፈተ። ከፎቁም ተከፈተ።
ያልተነፋውን ጥሩምባ ያልሰማ ሰው አልነበረም፤
አንዲት ሕፃን ብቻ «አልሰማሁም» ብላ አለቀሰች።

እሪ በከንቱ፣ ስምሽን ማን አወጣው?
እሪታሽ ተከልክሎ፣
ያን ቀን ነው ሰማይ ድረስ የወጣው።

ነሐሴ ገባ። ለቡሄ ይህን ጻፍኩ፦
ጨፋሪ ልጆች ከአራት አይብዙ፤
ርቀት በዱላ ይለካል፣ አንድ አንድ ዱላ ያዙ።
ሙልሙል ከሰገነት በገመድ ይወርዳል።
ብር የምትሰጡ፣ እባካችሁ ደረቁን።

በማግስቱ ማልጄ ብመጣ
ዝናቡ እንደ ልማዱ
ቡሄን፣ ሙልሙሉን፣ ፊርማዬን ጠርጎ ወስዷል።
ከታች ብቻ፣ የውሃው በርሜል ከከለለው ጥግ፣
በልጅ ቁመት ልክ፣ ከእኔው በተሰረቀ ጠመኔ፣
ፊደሉ ተንጋዶ፦
«ኳስ መቼ ነው?»

ጎንበስ አልኩ። ቀኑን አላውቅም።
«ሣሩ ሲታጨድ» ብዬ ጻፍኩ ከሥሩ፣
ያለ ፊርማ፣ ያለ ማኅተም።