የጎደለው ጣት

ሱክጃ በባቡር፣ ከኢንቾን ስትወጣ፣
ቦርሳውን ያዘለ ልጅ አጠገቧ መጣ፤
የጥንቱን ካርቱን ከፍቶ፣ አንገቱን ደፋበት፤
ያ ደመና ጋላቢ ብቅ አለ ካለበት።

ዛሬም ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዛሬም ጥርሰ ወላቃ፤
እሷ ሸብታለች፣ መነጽር አጥልቃ።

ነፋስ ሲወጥረው ያ የግራ እጅጌው፣
ሱክጃ ናት የሳለችው፤
መቶ አርባ ወረቀት፣ በእርሳስ፣ በላጲስ፣
ወገቧ እስኪቆረጥ፣ እስኪነጋ ድረስ።
አንዱ ላይ ደከማት፤ አንድ ጣት ዘለለች፤
ማንም አላረማት፤ እሷም ዝም አለች።

ልጁ እዚያ ሲደርስ፣ አቁሞ መለሰው፣
ያን የጎደለ እጅ በጣቱ ዳሰሰው።
«አዩት?» አላት ስቆ፤ «ይሄኔ እኮ ፈርቷል፤
አንዷን ጣት እጅጌው ውስጥ፣ ማንም ሳያይ ደብቋል።»

ሃያ ዓመት ስታፍርበት የኖረችው ስህተት።

ቡፕዮንግ ተጠራ፤ መውረጃዋ ነበረ።
«ቀጥልበት» አለች። ባቡሩ በረረ።