ግማሽ መቀስ

በሩን የምከፍተው ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ነው፤
እነሱ ግን ቀድመውኝ፣ ብረቱን ተደግፈው፣
ላውታሮ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን እንደ ጠብመንጃ ተሸክሞ፣
ኔሊዳ በሟች ባሏ መነጽር፣ አንደኛው ዓይኑ ታሞ።
(የተሰነጠቀው ሰውዬው በሕይወት ሳለ ነው፤
«እኔንም በአንድ ዓይኑ ነበር የሚያየኝ» ትላለች፣ «ምን ቸገረው!»)

መስከረም ነው። ቦነስ አይረስ ብርዷን አራግፋለች፤
ከጀርባችን በፎቆቿ መስታወት ፀሐይ ትሞቃለች።
ከፊታችን ወንዙ፣ ሸክላ የታጠበበት ውሃ መስሎ፣
ማዶውን ሰማይ ወስዶበት፣ ባሕር ነኝ ባይ፣ ተንጣሎ።

የመቀስ ጅራቶች ወር ነው።
ከአማዞን ማዶ ከርመው፣
ለመውለድ ይመጣሉ፤ ጥቁር ቆብ፣ ግራጫ ካባ፣ ነጭ ደረት፤
ከገላቸው የሚረዝም፣ ለሁለት የተከፈለ ጅራት።
ሲታጠፉ ይከፈታል፣ ሲወረወሩ ይገጥማል፤
ሰማዩ እንደ አቡጀዲ ለሁለት ይቀደዳል።

ዛሬ ግን አንድ ወፍ መጥቶ አጥሩ ሽቦ ላይ ዋለ፤
በግራ በኩል ረጅም፣ በቀኝ በኩል ምንም የለ።

ላውታሮ መጽሐፉን ገለጠ፣ ጣቱን በምራቁ አራሰ፤
ቢጫ ደረቱ ይሆን? ብሎ ገጽ በገጽ አተራመሰ።
«ሴት ናት።» «ጫጩት ነው።» «አይ፣ በመስከረም ጫጩት የለም።
እርግጠኛ ሳልሆን» አለ፣ «ደብተሬ ላይ አላሰፍርም።»
ሕግ አለው ልጁ፤ ያላወቀውን አይቆጥርም።
(ደስ ይለኛል ይሄ። እኔ ግን የበር ሰው ነኝ፤
ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ሰው ሁሉ የሚያልፈኝ።)

ኔሊዳ መነጽሯን አላነሳችም።
አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ መቀስ አይታ አትስትም።
«መቀስ ነው» አለች፣ «አንዱ ስለቱ የወለቀ።
ስለቱ ስለወለቀ ቢላዋ ነው ማን አለ?
ቆቡን እይ፣ ደረቱን እይ፤ ያልመጣውን ተወው፤
መንገድ ላይ የቀረበትን እሱ ራሱ ይወቀው።»

ልጁ ዝም አለ። ወፉ ዘሎ ትንኝ ቀለበ፤
ሲመለስ በጎደለው በኩል ጥቂት ተንገዳገደ።

ይህ መሬት ድሮ መሬት አልነበረም፤ ውሃ ነበር።
ለአውራ ጎዳናው ሲባል የፈረሰው ሰፈር፣
ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የመታጠቢያ ገንዳው፣
በካሚዮን ተግዞ እዚህ ተደፋ። ማንም ሳይዘራው
ሣር አበቀለ፤ ከዚያ ዛፍ፤ ከዚያ ወፎቹ ሰሙ።
ማን እንደነገራቸው እንጃ።
የኔሊዳም ቤት እዚሁ ነው፤
የት ጋ እንደሆነ ብቻ ነው የማታውቀው።

ወፍ ቆጥራ ስትጨርስ ወደ ዳሩ ትወርዳለች፤
ሞገድ እንደ ሙልሙል ያድቦለቦለውን ጡብ ታገላብጣለች።
ዛሬ አንድ ሸክላ አገኘች፤ ሰማያዊ አበባ ያለው፣ ጠርዙ ያለቀ።
ላውታሮ ሮጦ ወረደ፤ «ያንቺ ነው?» ብሎ ጠየቀ።
በቀሚሷ ጠረገችው፣ ወደ ፀሐይ አዞረችው፣
ልክ እንደ ወፍ በቀለሙ፣ በመጠኑ ለየችው።
«የኔ አይደለም» አለች። «የኤርሚንዳ ነው፣ የጎረቤቴ።
ወጥ ቤቷን ስታስነጥፍ አንድ ወር አኮረፍኳት በቅናቴ።»
ሳቀች። ከዚያ መልሳ አኖረችው፣
አበባውን ወደ ላይ አድርጋ፣ ከነበረበት፣ ከጡቦቹ መሐል።

ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቁልፌን ይዤ ስጠብቅ፣
ላውታሮ ደብተሩን አሳየኝ፤ በእርሳስ፣ በጣም በደቂቅ፦
«መቀስ ጅራት፣ አንድ። ጅራቱ ግማሽ። ወፉ ሙሉ።»
ከሥሩም፦ «ሸክላ፣ አንድ። የጎረቤት።»

ደህና እደሩ አልኳቸው። በሩን ገጠምኩት።
ከበሩ በላይ አንድ ነገር አለፈ፣
ወደ ግራ ትንሽ ያዘመመ፤
ስሙን አልጠየቅኩትም።