ሁለት ቢላዎች

አሞራ ገደል ላይ፣ ቦጋለች ማልዳ፣
ቢላዋን በድንጋይ ሁለት ጊዜ ሞርዳ፣
ከቆሮሶ ጀርባ ስትገፍፍ ቆዳ፣
አንጀት ይጠብቃል ቆሞ አባ ኮዳ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ነው የምገዛ።
«ያንተስ ቢላ እንዴት ነው?» ትለኛለች ስቃ፣
እኔም ባለ ቢላ መሆኔን አውቃ።

ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ፎርማሊን በሚሸት ጠባብ ክፍል፣
ከሰው ገላ ወጥቶ በሰም የታሸገን ዕጢ መከፋፈል፣
እንጀራዬ ነው።
አራት ማይክሮን፤
ከሽንኩርት ልጣጭ፣ ከዓሣ ቅርፊት የሳሳ።
ለብ ያለ ውሃ ላይ እንደ ቅጠል ሲሰፋ
በመስታወት እስበዋለሁ፣
ሐምራዊ ቀለም ውስጥ እነክረዋለሁ፣
ከዚያ የዶክተር ላሚሶ ነው።

ማክሰኞ በመጣ ብልቃጥ ላይ ያለ ስም፣
አንብቤ አላመንሁም፣
ደግሜም አላመንሁም፦
ቦጋለች ፎላ። ዕድሜ አርባ ስምንት።
ከማሕፀን በር የተወሰደ ናሙና።
አሥራ አንድ ዓመት ያልተንቀጠቀጠ እጄ
ያን ቀን ቢላው ላይ ዘገየ።

«ና እይ» አለኝ ላሚሶ። አየሁ።
ጤነኞቹ ሴሎች እንደ ቅርፊት ተደራርበው ተኝተዋል፤
ከጎረቤት ሲደርሱ ይቆማሉ፣
ተራቸው ሲደርስ ይሞታሉ፣ ቦታ ይለቅቃሉ።
ከመካከል ግን አንዱ ሕግ ረስቷል።
አስኳሉ አብጦ፣ ጠቁሮ፣
ሁለት ሆኗል፣ ሁለቱ አራት፣
አራቱ ወሰን ጥሰው ጓዳ ገብተዋል።
ቁም ቢሉት አይሰማ፣ በቃህ ቢሉት አይጠግብ።
እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ባዕድ ይመስለኝ ነበር!
የራሷ ነው። ከገዛ ገላዋ የበቀለ፣
በገዛ ደሟ የሚቀለብ።
በሽታው መሞት አልነበረም፤
መሞትን መርሳት ነበር።

ጎረቤት እርግማን፣ እናቷ ዓይነ ጥላ፣
ባሏም «የሐይቁ ብርድ» እያለ ሲያብላላ፣
የቫይረስ ሥራ ነው፤ ሃያ ዓመት አድፍጦ፣
ከትዳር አልጋ ላይ ሳያንኳኳ ሰርጦ፣
የሴሏን ዘበኛ በዝምታ ደልሎ
በሩን የከፈተው እንቅልፍ ላይ ጥሎ።
ብዙ ሴት ይይዛል፣ ገላዋ ይጥለዋል፤
የቦጋለች አልጣለም። ለምን ማን ያውቀዋል?
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባላል፤
ሐይቅ ዳር ኖራ ተረቱን ታውቃለች፣
ደም እስኪያያት ግን ስትስቅ ነበረች።

ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ ጨረር፣ ከዚያ ግሉኮስ፣
ጠብታ በጠብታ የሚገባ መራራ መድኃኒት።
ጨረሩ የሴሉን ክር ይበጥሳል፤
ጤነኛው ክሩን ቀጥሎ ይነሳል፣
ያ ችኩል ግን ሳይጠግን ሊከፈል ሲቻኮል
ይሰናከላል።
ላሚሶን ጠየቅሁት፣ «ሕክምናው ምንድን ነው?»
መነጽሩን አወለቀ።
«ለረሳ ማስታወስ» አለኝ።
ይድናል? አላልኩትም። አላለኝም።

ልጇ ፌበን አሥራ አራት ሞልቷታል።
ትምህርት ቤት ክትባት በመጣ ጊዜ
ቦጋለች በሻርፕ ተጠቅልላ፣
ፀጉር የለሽ ራሷን ደብቃ፣ ሰልፉ መሐል ቆመች።
«ሁለቱንም ክንዷን ውጊያት» አለች ነርሷን።
ልጆቹ ሳቁ። ፌበን አፈረች።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ።
ቢላው ፌበን እጅ ነው፤
ቦጋለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣
ከስታለች፣ ድምፅዋ ግን አልከሳም።
«አጥንት አስቀርተሻል! ከጅራቱ ጀምሪ!»
እኔን ስታይ ዝም አለች። ቆየት ብላ፣
«የእኔን የቆረጥከው አንተ ነህ?»
«አዎ።»
«ስስ አደረግኸው?»
«ብርሃን እስኪያሳልፍ።»
ወደ ልጇ ዞረች፦
«ሰማሽ?
እንደዚያ ነው የሚቆረጥ።»