ገጽ ስልሳ አንድ

ከሃረጎ ጠመዝማዛ፣ ጉም ከዋጠው ሚኒባስ ወርጄ፣
ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጉልበቴን ማግጄ፣
ከመስኮቱ ማዶ ለተቀመጠችው ስሜን ሰጠኋት፤
«ጦይባ ይመር ነኝ፤ ከኮምቦልቻ፣ ከፈትል ክፍል» አልኳት።

ቀና ሳትል አነበበችልኝ፣ እንደ ዕድር መዝገብ፦
ጉርድ ፎቶ አራት፣ የባንክ ደረሰኝ፣
የአሥራ ሁለተኛ ውጤት፣ ዋናው ከነኮፒው።
ትራንስክሪፕት በእጅ አይመጣም፤ ታሽጎ፣ ከትምህርት ቤትሽ፣ በፖስታ።
ሞጁል ሠላሳ ስምንት። ቲቶሪያል እሁድ፤ የቀረ በራሱ።
መጨረሻ መውጫ ፈተና አለ፤
እሱን ካላለፍሽ ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው።

«ምንድን ነው የምትማሪው?»
«ሥነ ሰብእ። ታሪኩም፣ ፍልስፍናውም፣ ሥነ ጽሑፉም ያለበትን።»
ያኔ ቀና አለች።
«አካውንቲንግ አይሻልሽም?»

የፈረቃ አለቃዬም ይህንኑ ብሏል፤ ክር በፍልስፍና አይፈተልም ብሎ።
እህቴ ዘምዘም ደሞዝ ይጨምራል ወይ አለችኝ።
አይጨምርም አልኳት።
«ታዲያ?»
ታዲያማ እሷን ቃል ነው የማጠናት።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ያ ጥቅምት ካለፈበት ወዲህ፣
ቁምሳጥኑ በር የለውም፤ መዝገቡ ከማገዶ ጋር ሄዷል።
(ማን አነደደው አልልም። ብርድ ነበር።)
ርእሰ መምህሩ አዲስ ነው፦
«የኔ እህት፣ እዚህ መማርሽን ማን ያውቃል?»
እኔ።
ይህ በሕግ ማስረጃ አይደለም፤
ኋላ ከሞጁል ሁለት እንደተረዳሁት፣ በሎጂክም አይደለም።

ጋሽ ሙሄ ደረሰልኝ፤ ደወል ይደውል የነበረው፣
በሩን በአፍንጫዬ ላይ ይዘጋ የነበረው።
የአርፋጆችን ስም የመዘገበበትን ደብተር
ከቤቱ ጓዳ፣ ከበቆሎ ጆንያ ሥር ጎልጉሎ አወጣ፦
«ጦይባ ይመር፣ አሥራ አንደኛ ለ፤
ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ደግሞ ሰኞ።»
በጊዜ የመጣን ልጅ እኔ በምን አውቀዋለሁ፣ አለኝ።

ጎበዞቹ ጠፍተዋል።
እኔ በማርፈዴ ተገኘሁ።

ሦስት ምስክር፣ የቀበሌ ማኅተም፣ አራት ሳምንት ምልልስ።
የመስኮቷ ሴት ደብተሩን ገለጠች፣ ገለጠች፣
እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ኮፒ አደረገች።

አሁን ሌሊት ፈረቃ፣ ሞጁሉ በሽርጤ ኪስ፣
ክሩን ስቀጥለው ሐሳብ ይበጠሳል፤
ሐሳብ ስቀጥለው ክሩ ይበጠሳል፤
ጥጥ የለበሰ ገጽ በጣት ይነበባል።

እሁድ ደሴ ወጥተን አምስት ሆነን እንቀመጣለን፦
ከሐይቅ ዲያቆን ጥዑመ፣ ከደጋን አንዲት አዋላጅ፣
ባጃጁን ታች በሰንሰለት አስሮ የሚመጣው ሱልጣን፣
ስሙን የማይነግረን ጡረተኛ፣
እኔ።
መምህሩ ጠመኔውን ከገዛ ኪሱ ያወጣል።

ሞጁሉ የኮፒ ኮፒ ነው።
ገጽ ስልሳ ላይ ሁለት መነሻ ሐሳብ አለ፤
ከሥራቸው «ስለዚህ» ይላል፤ ገጹ እዚያ ያበቃል።
ስትገልጪው ስልሳ ሁለት፣ ሌላ ምዕራፍ።
ሱልጣንም የለውም። አዋላጇም።
የዲያቆኑ ላይ ስልሳኛው ተደግሟል፤
ሁለት ጊዜ «ስለዚህ»፣ ሁለቴ ዝምታ።
መምህሩ ጠመኔውን ከጣቱ አራገፈ፦
«እናንተው ሙሉት፤ ርቀት ማለት ይኸው ነው።»
ከልቡ ይሁን ከድካሙ አላወቅኩም።

ነሐሴ ነው። ሃረጎን ስንወርድ
ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ በጉሙ ውስጥ ይዳብሳል።
ባዶ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤
ራስጌው ላይ 61 ጻፍኩ።
መኪናው ሲታጠፍ እጄም አብሮ ታጠፈ፤
የመጀመሪያው መስመር ተራራውን መሰለ።
አልሰረዝኩትም። ሁለተኛውን ጀመርኩ።

ፈረቃዬ ስምንት ሰዓት ይገባል። ስምንት ከሃያ ነው።
የፋብሪካው ዘበኛ ደብተሩን ገልጦ፣
እስክሪብቶውን በምራቁ አርሶ ይጠብቀኛል።
«እስከ አያቴ ጻፈው» አልኩት፣ «ጉልህ አድርገህ፤
ጦይባ ይመር አደም።»