የቡሬ ፍርድ

ከቦርከና ማዶ፣ የብረት ፋብሪካው ጭሱ ከሚታይበት፣
አንድ ጥማድ አለን፤ ግማሹ ድንጋይ ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት።
ባለቤቴ አሊጋዝ በሬ ያደልባል ለደሴ ገበያ፤
ፋጉሎ ተወዶ ትርፉ ሁሉ ሆነ የዕዳ መክፈያ።

«ላብላብ ዝሩ» አሉን።
ስሙን ስሰማ ሳቅሁ፦ «ላብ እንኳ ሞልቶናል፤
ዘር መግዛት ምን ሊረባ? ከአሊጋዝ ግንባር ላይ ይለቀምልናል።»

ጭቅጭቁ የመጣው ከዘሩ በኋላ ነው፤ በምን እናብቅለው?
ወጠጤውን ሸጦ ከረጢት ገዛ እሱ፤ «መሬት» አለ «ከዚህ ሌላ ምን ያውቃል ሰው?»
እኔ ግን ፈትለወርቅ፣ የልማት ሠራተኛዋ፣ የሰጠችኝን ይዤ፣
ጥቁር ዱቄት መሳይ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ከእንስራ ሥር አቀዝቅዤ፦
«ሕያው ነው» ብላኛለች፤ «የማይታይ ነፍስ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይሞታል፤
በስኳር ውኃ ለውሰሽ ዘሩን ጥላ ሥር ቀቢው፤ ያኔ ይጣበቃል።»

አሊጋዝ ሳቀብኝ።
«ለሻያችን ጠፍቶ
ጥቀርሻ ስኳር ጠጣ!» እያለ አወራ፣ መንደሩን አዳርሶ፣ ቤት ለቤት ገብቶ።

በመጨረሻ ታረቅን፣ ወይ ደከመን እንጃ፤ መሬቱን በገመድ ከአራት ከፈልነው፤
አንዱን እንዲያው ተውነው፣ አንዱ ለሱ ከረጢት፣ አንዱ ለጥቀርሻዬ፣ አራተኛው የማን ነው?
«የሁለታችሁ» አለች፤ «ከረጢቱ ግን እዚህ ግማሹ ብቻ ይሁን፤
ከዘሩ አይነካካ፣ ጨው ነው፣ ያቃጥላል፤ ራቅ አርጉት በጎን።»

ደመናው ጦሳ ላይ ተጋድሞ ከረመ።
በአርባኛው ቀን ገደማ ሥሩን ነቅለን አየን።
አሊጋዝ ሙሉውን ያፈሰሰበቱ ቅጠሉ ጥቁር ነው፣
ሥሩ ግን መላጣ፤ ሁሉ ቀርቦለት ለምን ይሥራ? የሀብታም ልጅ ነው።
በእኔው ሥር ላይ እባጭ፣ ምስር የሚያክል እባጭ፤ በጥፍሬ ሰነጠቅሁት፤
ደም የመሰለ ቀይ። አሊጋዝ ዝም አለ። እኔም እንደ ቁስል እፍ አልሁበት።
ቁመቱ ግን አጭር፣ እውነቱን ልናገር፤
ከአየር ብቻ አይጠገብም፣ አፈሩም ደሀ ነበር።

አራተኛው መደብ… ሐረጉ ተጠላልፎ ወገቤን አልፏል።
ቅዳሜ አጭደን ልንመዝን፣ ሚዛን ከወፍጮ ቤት ተውሰን አመጣን፤
ማን ማንን እንደረታ፣ አፋችን ባይለውም፣ ለማወቅ ቋመጥን።

ዓርብ ሌሊት ቡሬ፣ የዙበይዳ ላም፣ ገመዷን በጥሳ፣
አጥሩን ጥሳ ገባች፤ ሲነጋ ስንደርስ ቆማለች፣ አገጯን በጤዛ አርሳ።
ባዶውን መደብ ረግጣ አለፈችው፣
የአሊጋዝን ቀመሰች፣ የእኔን ጫፍ ጫፉን ነክታ ተወችው፤
አራተኛውን ግን
እስከ ጉቶው።
ሆዷ እንደ ከበሮ፣ ዓይኗ እንደ ጻድቅ ሰው።

ሚዛኑ ባዶውን ተሰቅሎ ዋለ። ፈትለወርቅ ደብተሯን ገለጠች፤
«መረጃ የለም» ብላ ጻፈች፤ ቆይታ፣ ላሚቱን አየችና ሳቀች።

አሊጋዝ ለካሳው ሽማግሌ ሊጠራ ተነሥቶ ነበር፤
ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ዙበይዳ ብቅ አለች፣ ቅል ሙሉ ወተት ይዛ፣ በጓሮ በር።
«ጡቷ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ በአላህ ንገሩኝ፣ ምን አበላችኋት?»
አሊጋዝ እኔን አየ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣
«ላባችንን» አላት።